ከእሳት አደጋ መኪናው በፊት

(በሐርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር ሰፈር ለተሰበሰቡ አድማጮች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር፤ ለኅትመት የተስተካከለ)

ከመካከላችሁ ከኢትዮጵያ መጥታችሁ በዚህ ከተማ በግንባታው፣ በምግብ ቤቱና በጋራዡ እንጀራችሁን የምትበሉ አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1988 ከተማችሁ በቦምብ ስትደበደብ ድንበር ተሻግራችሁ በሐርተሼክ መጠለያና በጅግጅጋ ዓመታት አሳልፋችሁ፣ አማርኛችሁን ይዛችሁ የተመለሳችሁ የሐርጌሳ ልጆችም አላችሁ። ሁላችሁም በአንድ አዳራሽ ተቀምጣችሁ ስለ እሳት እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ።

ርዕሴ የኬሚካል ፋብሪካዎች የእሳት አደጋ ብርጌድ ነው። አብዛኛው ሰው በንግድና በከብት በሚተዳደርበት ከተማ ይህን ርዕስ መምረጤ ሊያስገርማችሁ ይችላል። የመረጥኩበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ይህ ከተማ ትልቅ እሳት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። ሁለተኛው ደግሞ፣ ከድንበሩ ማዶ በሶማሌ ክልል ጎዴ አጠገብ በአፍሪካ ከትልልቆቹ አንዱ ሊሆን የታሰበ የማዳበሪያ ፋብሪካ ሊቆም ነው። ዛሬ ላሳምናችሁ የምሞክረው አንድ ነገር ነው። በኬሚካል ፋብሪካ እሳት ሲነሳ ነገሩ በአመዛኙ የሚወሰነው የከተማው እሳት አደጋ መኪና በሩ ላይ ከመድረሱ በፊት ነው፤ ስለዚህ ያን ጊዜ የሚሸፍን የሠለጠነ ሰው ፋብሪካው በራሱ የደመወዝ መዝገብ ላይ ሊኖረው ይገባል። በመጀመሪያ ስለ ጊዜ እናገራለሁ፤ ቀጥሎ ስለ ውኃ፣ ከዚያም አንዱ ያወቀውን ሌላው ባለማወቁ ስለሚመጣው ሞት። መጨረሻ ላይ ወደ ጎዴ እመለሳለሁ።

ከጊዜ ልጀምር። መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ዓርብ ማታ፣ ረመዳን ሊገባ ሰዓታት ሲቀሩት፣ እዚሁ ሐርጌሳ ዋሂን ገበያ ላይ የተነሳው እሳት ሌሊቱን ሙሉ ሲነድ አደረ። በሺህ የሚቆጠሩ ሱቆችና ጉልቶች ለጾሙና ለዒዱ ከተከማቸው ዕቃ ጋር አመድ ሆኑ። ባለሥልጣናት ኪሳራውን ከ1.5 እስከ 2 ቢሊዮን ዶላር ገመቱት። 28 ያህል ሰዎች ሲጎዱ የሞተ ሰው አልተመዘገበም፤ ለዚህ አልሐምዱሊላህ ማለት ይገባል። በማግስቱ ከተነገሩት ነገሮች ሁሉ ጎልቶ የወጣው የመንገዱ ጥበት ነበር። እሳት አጥፊዎቹ ወደ ገበያው ቢመጡም በሸራና በጉልት በተዘጋው መተላለፊያ ገብተው የእሳቱ ልብ ላይ መድረስ አልቻሉም። ይህ የሐርጌሳ ብቻ ችግር አይደለም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ አዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ከሰው አፍ ያልጠፋው ይኸው የመንገድ መጥበብ ነበር።

መንገድ ሰፍቶ ቢሆንስ ብለን እንጠይቅ። እሳቱን ማየት፣ ስልክ ማግኘት፣ መደወል፣ ማስረዳት፣ ሠራተኞቹ ልብሳቸውን መልበስ፣ መንዳት፣ ቱቦ መዘርጋት፣ ፖምፓ ማስነሳት፤ እያንዳንዱ ደቂቃ ይበላል። ስፖንጅ ፍራሽ፣ ላስቲክና ሰው ሠራሽ ጨርቅ የሞላበት ክፍል ደግሞ ከመጀመሪያዋ ነበልባል ተነስቶ ሙሉ በሙሉ እስኪነድ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ደቂቃ የሚበልጥ አይፈጅበትም። በፋብሪካ ውስጥ ያለው ሂሳብ ከዚህም ይጠብቃል። ሲሚንቶ ወይም ሌላ እሳት የሚከላከል ሽፋን ያልተደረገለት የብረት ምሰሶ ወደ 550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ግማሽ ያህል ጥንካሬውን ያጣል። ከተሰነጠቀ ቱቦ የሚፈስ ነዳጅ ሲነድ ይህን ሙቀት በጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል። ምሰሶው ሲታጠፍ በላዩ የተሸከማቸው ቱቦዎች ይበጠሳሉ፤ የተበጠሱት ቱቦዎች ለእሳቱ አዲስ ነዳጅ ያቀርባሉ። የከተማው መኪና በ15 ደቂቃ ቢደርስ፣ ያ በእኛ አካባቢ ከተሞች የሚመሰገን ፍጥነት ነው፤ የሚያገኘው እሳት ግን በጥሪው ጊዜ ከነበረው እሳት ጋር አይገናኝም።

በዚህ ምክንያት ነው በዓለም ያሉ ትልልቅ የኬሚካል ፋብሪካዎች የራሳቸውን ብርጌድ ያቋቋሙት። በአንዳንዱ አገር ሕግ ያስገድዳል። ጀርመን ውስጥ ለምሳሌ አደገኛ ፋብሪካ የራሱን የእሳት አደጋ ክፍል እንዲያቆም መንግሥት ሊያዘው ይችላል። በሌላው አገር የመድን ድርጅቱ ይጠይቃል። ብርጌድ ስል ግን ቀይ መኪና አጠገብ ተቀምጠው ካርታ የሚጫወቱ ሰዎች አይታዩአችሁ። በአብዛኛው ፋብሪካ የብርጌዱ አባል በሌላው ሰዓት ማሽን የሚያንቀሳቅስ፣ ኤሌክትሪክ የሚጠግን፣ ናሙና የሚወስድ ሠራተኛ ነው። ደወል ሲደወል ሥራውን ለተተኪ አስረክቦ ይሮጣል። በሥልጠናውም ደረጃ አለ። አንዱ በእጅ ማጥፊያ ሲሊንደር ጀማሪ እሳት ብቻ ያጠፋል። ሌላው ከውጭ ሆኖ ቱቦ ይይዛል። ሦስተኛው የአየር ሲሊንደር በጀርባው ተሸክሞ፣ ማስክ አጥልቆ ጭሱ ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያውን ሥልጠና የወሰደ ሰው የሦስተኛውን ሥራ እንዳይሞክር መከልከል ራሱ የብርጌዱ ደንብ ነው፤ ብዙ ጀግና የሞተው ደንቡን ሲተላለፍ ነው።

የብርጌዱ ትልቁ ጥቅም ቅርብ መሆኑ ብቻ አይደለም። የትኛው ቫልቭ የትኛውን ቱቦ እንደሚዘጋ የሚያውቀው እዚያው የሚውል ሰው ነው። ይህ ለምን ወሳኝ እንደሆነ ለማስረዳት አንድ ብዙ ሰው የማይጠብቀውን ነገር ልንገራችሁ። ከቱቦ እየወጣ የሚነድ ጋዝ ምንጩ ሳይዘጋ ነበልባሉን ማጥፋት ክልክል ነው። ነበልባሉ ጠፍቶ ጋዙ መውጣቱን ከቀጠለ በሸለቆው፣ በቦዩና በሕንፃው ሥር ይጠራቀማል፤ ከዚያ የሆነ ቦታ ላይ የመኪና ሞተር ወይም የኤሌክትሪክ ማብሪያ ያገኘዋል። በዚያን ጊዜ የሚሆነው ነገር ፍንዳታ ነው። ስለዚህ የሠለጠነ ብርጌድ እሳቱን እያየ እንዲነድ ይተወዋል፤ ዙሪያውን በውኃ እያቀዘቀዘ አንድ ሰው ወደ ቫልቩ ይልካል። ከውጭ የመጣ፣ ሕዝብ የሚመለከተው፣ ካሜራ የተደቀነበት እሳት አጥፊ ግን ነበልባል ቆሞ ማየት እጅግ ይከብደዋል።

በዚሁ ወደ ሁለተኛው ነጥቤ፣ ወደ ውኃው ልለፍ። ውኃን በጀሪካን ለሚያውቅ የሐርጌሳ ሰው የውኃን እጥረት ማስረዳት አያስፈልግም። የከተማዋ ዋና የውኃ ምንጭ ከከተማው በስተሰሜን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው የገድ ዴብሌ ጉድጓድ ነው፤ መስመሩ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቻይናውያን የተዘረጋው ሐርጌሳ ከዛሬዋ ብዙ እጥፍ ታንስ በነበረችበት ዘመን ነው። ስለዚህ እሳት ሲነሳ ሁላችን የምንጮኸው ውኃ፣ ውኃ ብለን ነው። በኬሚካል እሳት ላይ ግን ውኃ አንዳንዴ መድኃኒት፣ አንዳንዴ መርዝ፣ አንዳንዴ ደግሞ ከንቱ ድካም ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የሚነደውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 1947 በአሜሪካ፣ ቴክሳስ ሲቲ ወደብ ላይ ግራንካም የተባለች የፈረንሳይ መርከብ 2,300 ቶን ያህል አሞኒየም ናይትሬት ጭና ቆማለች። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ግድም በእኛ አቆጣጠር ከዕቃ ማስቀመጫዋ ጭስ ታየ። ካፒቴኑ ጭነቱ በውኃ እንዳይበላሽ አስቦ መክደኛዎቹ ተዘግተው እንፋሎት እንዲለቀቅበት አዘዘ። በተለመደው እሳት ይህ ዘዴ ይሠራል፤ አየር የተከለከለ እሳት ይታፈናልና። አሞኒየም ናይትሬት ግን ኦክስጅኑን በውስጡ ይዞ የሚዞር ነገር ነው። አየር ቢከለከል አይጨነቅም፤ መታፈኑም ሙቀቱን አጠራቀመለት። ብርቱካን መልክ ያለው ጭስ ሲወጣ ያየ ሕዝብ ለመመልከት ወደ ወደቡ ተሰበሰበ፤ የከተማው በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች ቱቧቸውን ዘረጉ። ሦስት ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ መርከቧ ፈነዳች። ከ28ቱ የከተማዋ እሳት አጥፊዎች 27ቱ በዚያው አለቁ፤ የሟቾቹ ቁጥር በጠቅላላው ወደ 580 ይደርሳል። አጠገቡ ያለው የሞንሳንቶ ኬሚካል ፋብሪካም ፈረሰ። በማግስቱ ሌሊት ደግሞ ሃይ ፍላየር የተባለች ሌላ መርከብ ፈነዳች፤ ያን ጊዜ የከተማዋ የራሷ እሳት አጥፊ ክፍል ከሞላ ጎደል አልቆ ነበር።

እዚህ ላይ ለገበሬ ልጆች አንድ ነገር ልጨምር፤ አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁ ተለውጦ አያለሁና። በኢትዮጵያ ገበሬው የሚዘራው ዩሪያ ይህ አይደለም፤ ዩሪያ እንዲህ አይፈነዳም። አሞኒየም ናይትሬት በኛ አካባቢ በይበልጥ የሚታወቀው በድንጋይ ካባና በማዕድን ቁፋሮ ፈንጂነት ነው። የማኅበር መጋዘን ውስጥ ያለውን ከረጢት ፈርታችሁ እንዳታድሩ።

ሁለተኛው ታሪክ ከፈረንሳይ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 1966 ሊዮን አጠገብ ባለው የፌዘን ነዳጅ ማጣሪያ አንድ ሠራተኛ ከትልቅ የጋዝ ኳስ ታንከር ሥር ናሙና ሊወስድ ቫልቮቹን በተሳሳተ ቅደም ተከተል ከፈተ። ፈሳሹ ጋዝ ሲወጣ በራሱ ቅዝቃዜ ቫልቩን በበረዶ ቆለፈው፤ መዝጋት አልተቻለም። ጋዙ መሬት ለመሬት ተንፏቆ መንገድ ላይ የነበረ መኪና አቀጣጠለው፤ እሳቱም ወደ ታንከሩ ተመለሰ። ከከተማ የመጡት እሳት አጥፊዎች የነደደው ታንከር የደኅንነት ቫልቭ ስላለው ራሱን ያድናል ብለው ገምተው ይመስላል፣ ውኃቸውን አጠገቡ ያሉትን ታንከሮች ለማቀዝቀዝ አዋሉት። ስሌቱ አላዋቂነት አይመስልም፤ ሊታመን የሚችል ስሌት ነው። ስህተቱ ግን የደኅንነት ቫልቭ ግፊት ቢቀንስም ብረትን አለማቀዝቀዙ ላይ ነበር። ፈሳሽ የማይነካው የታንከሩ የላይኛው ብረት ከነበልባሉ እየጋለ ለሰለሰ፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል ግድም በኋላ ታንከሩ ተቀደደ። 18 ሰዎች ሞቱ፤ 11ዱ እሳት አጥፊዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በሙያው ይህ እንደ ሕግ ተይዟል፤ እሳት የሚልሰውን የጋዝ ታንከር ቶሎና በብዙ ውኃ ማቀዝቀዝ፣ ያን ያህል ውኃ ከሌለ ሰውን ይዞ መራቅ። እንደ እኛ ውኃ በጎደለበት አገር የዚህ ሕግ ሁለተኛው ግማሽ ይበልጥ ያስፈልገናል። በየሆቴሉ ጓሮ የተደረደሩትን የምግብ ማብሰያ ጋዝ ሲሊንደሮች እያሰባችሁ ስሙኝ።

ከኢትዮጵያም ምሳሌ አለ። ፊንጫና መተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ኤታኖል ያመርታሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ኤታኖሉን አዲስ አበባ ውስጥ ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ተጀምሮ ነበር። የነዳጅ እሳት የሚታፈነው በአረፋ ነው። ተራው አረፋ ግን ኤታኖል ላይ ሲፈስ ወዲያው ይፈርሳል፤ አልኮል ውኃውን ከአረፋው ይመጥጠዋልና። ለአልኮል የተሠራ ልዩ አረፋ ያስፈልጋል። የኤታኖል ነበልባል ደግሞ በቀትር ፀሐይ እምብዛም አይታይም፤ ሰው ወደ እሳት እየሄደ መሆኑን ሳያውቅ ሊገባበት ይችላል። ከነዳጅ ማደያ እሳት በቀር ሌላ ያላየ ጎበዝ ሠራተኛ፣ ሙሉ ታንከር አረፋ ይዞ፣ ልቡ ሞልቶ ወደ እንዲህ ያለ ቦታ ቢመጣ፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ባዶ እጁን ይቀራል። ልዩነቱ ያለው በርሜሉ ላይ በተጻፈው የአረፋ ዓይነት ነው። ያን ዓይነት አስቀድሞ ገዝቶ የሚያስቀምጠው ፋብሪካው ነው እንጂ ማዘጋጃ ቤቱ አይደለም።

ሦስተኛው ነጥቤ፣ አንዱ የሚያውቀውን ሌላው ስለማያውቀው የሚመጣው ሞት ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 4 ቀን 2020 አመሻሽ ላይ የቤይሩት እሳት አደጋ ክፍል ወደብ ላይ መጋዘን እየተቃጠለ ነው የሚል ጥሪ ደረሰው። 9 እሳት አጥፊዎችና አንዲት የሕክምና ባለሙያ ወጡ። በመጋዘን ቁጥር 12 ውስጥ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ለዓመታት ተከማችቶ እንደነበር የጉምሩክ፣ የወደብና የጸጥታ ሰዎች ያውቁ ነበር፤ ደብዳቤ ተጻጽፈውበታል። ለአሥሩ ሰዎች የነገራቸው አልነበረም። የመጋዘኑን በር ለመክፈት ሲታገሉ ነው ፍንዳታው የወሰዳቸው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ከአሥሩ አንድም አልተረፈም። ከቴክሳስ ሲቲ 73 ዓመት ቆይቶ፣ በዚያው ኬሚካል፣ በሌላ ወደብ። ከመካከላቸው ለአንዱ እንኳ በስልክ የተነገረች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሁሉንም ትመልሳቸው ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የቤይሩትን ታሪክ ሳነብ የሚያናድደኝ ይኸው ነው።

ቦፓል ደግሞ ከዚህ ይከፋል፤ እዚያ ያልተነገረው ሕዝቡ ራሱ ነበርና። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2 ለ3 ሌሊት 1984፣ በሕንድ ቦፓል ከተማ ከዩኒየን ካርባይድ የፀረ ተባይ ፋብሪካ 40 ቶን ያህል ሜቲል አይሶሳያኔት የተባለ ጋዝ አመለጠ። ጋዙን ለማጠብ፣ ለማቃጠልና ለማቀዝቀዝ የተሠሩት መሣሪያዎች በዚያ ሌሊት ከሥራ ውጭ ነበሩ ወይም አልበቁም። የፋብሪካው እሳት አጥፊዎች ወጡ፤ ውኃቸውን ወደ ላይ ረጩ። ጋዙ የሚወጣበት የጭስ ማውጫ ጫፍ ግን ውኃው ከሚደርስበት ከፍታ በላይ ነበር። ልብ በሉ፤ ብርጌድ ነበረ፣ ውኃ ነበረ፣ ሰዎቹም ሸሽተው አልሄዱም። ማንም የማውጫውን ቁመት ከፖምፓው ጉልበት ጋር አስቀድሞ አላነጻጸረም ነበር። ለሕዝቡ የሚሰማው ሳይረን ለጥቂት ጊዜ ጮኾ ተዘጋ። ከእንቅልፉ የነቃው ደሃ ወዴት እንደሚሮጥ ስለማያውቅ ብዙው ከጋዙ ጋር በአንድ አቅጣጫ ሮጠ። ሐኪሞቹ የሚያክሙት መርዝ ምን እንደሆነ በወጉ አልተነገራቸውም። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ።

የዛሬዎቹ ሕጎች የተወለዱት ከእነዚህ ሬሳዎች ነው ማለት ይቻላል። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ1976 በጣሊያን ሴቬዞ ከተከሰተው የመርዝ ደመና በኋላ እ.ኤ.አ. በ1982 አደገኛ ፋብሪካዎች ዕቅዳቸውን እንዲያሳውቁ አስገደዱ። አሜሪካውያን ከቦፓል ሁለት ዓመት ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1986 ፋብሪካ ያከማቸውን ኬሚካል ዝርዝር ለአካባቢው እሳት አደጋ ክፍል እንዲሰጥ፣ ነዋሪውም የማወቅ መብት እንዲኖረው ደነገጉ። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅና እንዲያሠለጥን ያዛል። ይህ ጥሩ ነው፤ ከአጥር ውጭ ላለው ጎረቤት ግን ሌላ ግዴታ ያስፈልጋል። ደግሞም ዝርዝር መስጠት ከሁሉ የረከሰው የእሳት መከላከያ ነው። የሚጠይቀው ወረቀት፣ እርሳስና እውነቱን ለመጻፍ የሚደፍር የመጋዘን ኃላፊ ብቻ ነው። የመጨረሻው ነው የሚከብደው፤ ነጋዴ ያለውን ዕቃ ለመንግሥት መናገር ግብር ያስከትላል ብሎ ይሰጋልና። ስለዚህ የእሳት አደጋ ዝርዝር ከገቢዎች መሥሪያ ቤት ጋር ጭራሽ መገናኘት የለበትም እላለሁ።

ለእናንተ ለሾፌሮቹና ለረዳቶቹ ደግሞ በየቀኑ የምታዩት ዝርዝር አለ። በአደገኛ ጭነት ቦቴ ላይ ደንቡ ሲጠበቅ አራት አኃዝ ያለው ብርቱካናማ ሰሌዳ ይለጠፋል። 1203 ቤንዚን ነው፤ 1202 ናፍጣ፤ 1075 ፈሳሽ ጋዝ፤ 1005 ደግሞ አሞኒያ። ከበርበራ ወደ ወጃሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ቦቴ ተገልብጦ ብታዩ፣ ከመቅረባችሁ በፊት ከሩቅ ቁጥሩን አንብባችሁ በስልክ ለሚመለከተው ንገሩ። ነዳጅ ሊቀዳ ጀሪካን ይዞ የሚሮጠውንም ጎረቤታችሁን ያዙት፤ በምሥራቅ አፍሪካ መንገዶች ላይ በዚህ ዓይነት ያለቀው ሰው ብዙ ነው።

እስካሁን የብርጌድን ጥቅም ብቻ ስላወራሁ ተቃራኒውንም ልናገር። ብርጌድ ባለው ፋብሪካ ሰው አይሞትም ብዬ አልዋሽም። በጀርመን ሉድቪግስሃፈን ያለው ባስፍ የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ከዓለም እጅግ ከተደራጁት ብርጌዶች አንዱ አለው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 17 ቀን 2016 አንድ የኮንትራት ሠራተኛ በወደቡ ላይ ተቀጣጣይ ጋዝ ያለበትን ቱቦ በስህተት በፍሌክስ፣ በብረት መቁረጫው፣ ቆረጠ፤ እሳት ተነሳ። ብርጌዱ በደቂቃዎች ደረሰ። ሥራ ሲጀምሩ አጠገቡ ያለው ቱቦ ፈነዳ። ከዚያ አደጋ የሞቱት አምስት ሰዎች ናቸው፤ አራቱ የፋብሪካው እሳት አጥፊዎች፣ አንዱ መርከበኛ። ፍጥነታቸው ራሱ ወደ ፍንዳታው አደረሳቸው ሊባል ይችላል። እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር ነው። ያን የሚያህል የቱቦ ጫካ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በሚኖርበት አካባቢ መካከል ተቃጥሎ ጉዳቱ ከአጥሩ ሳያልፍ የቆመው እነዚያ ሰዎችና የቀሩት ጓዶቻቸው ስለነበሩ ነው። ጉዳዩ የሚያስተምረን ብርጌዱ ምንም ቢጎብዝ ቱቦ የሚቆርጠውን የኮንትራት ሠራተኛ ተክቶ እንደማይቆጣጠር ነው።

ሌላው የሚነሳው ጥያቄ የገንዘብ ነው። ሳሙና የሚሠራ፣ ቀለም የሚበጠብጥ፣ ላስቲክ የሚያቀልጥ ትንሽ ወርክሾፕ ብርጌድ አቁም ቢባል ይዘጋል። እውነት ነው። ለዚህ መፍትሔውን ያገኙት እነዚያው የቴክሳስ ሰዎች ናቸው። በሂውስተን የመርከብ ቦይ ዳር የተደረደሩት ማጣሪያዎችና ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አንድ የመረዳጃ ማኅበር አቋቋሙ፤ በገበያ የሚፎካከሩት ኩባንያዎች እሳት ሲነሳ አረፋቸውን፣ መኪናቸውንና ሰዋቸውን ወደ ተፎካካሪያቸው ግቢ ይልካሉ። ይህን ለሐበሻና ለሶማሌ ማስረዳት አያስቸግርም። ዕድር ያለው ሕዝብ፣ ጎሳው ተሰብስቦ የደም ካሣ የሚያዋጣ ሕዝብ፣ ለእሳት ማዋጣትንም ያውቅበታል። ጅግጅጋ ያር ያሉ አሥር ጋራዦች አንድ የሚጎተት ፖምፓ፣ ሁለት ማስክ ከነአየር ሲሊንደሩ፣ ጥቂት በርሜል አረፋ በጋራ ቢገዙ፣ ከዚያም በወር አንድ ዓርብ ከሰዓት ቢለማመዱ፣ ትንሽ ብርጌድ ናቸው።

አሁን ወደ ጎዴ ልመለስ። ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ በጎዴ ለማቋቋም ተፈራረሙ፤ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተቀመጠ። ጋዙ ከካሉብና ከሂላላ በቱቦ ይመጣል። ዩሪያ ራሱ የማይፈነዳ መሆኑን ቅድም ነግሬአችኋለሁ። ዩሪያ የሚሠራው ግን ከአሞኒያ ነው፤ ለአንድ ቶን ዩሪያ ከግማሽ ቶን ትንሽ የሚበልጥ አሞኒያ ያስፈልጋል። ፋብሪካው በሙሉ አቅሙ ሲሠራ በየቀኑ ከ4,500 ቶን በላይ አሞኒያ በቱቦዎቹ ውስጥ ያልፋል ማለት ነው። አሞኒያ ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ነው፤ በአየር ውስጥ ከሚሊዮን 300 እጅ ሲደርስ ለሕይወት ወዲያውኑ አስጊ ነው ተብሎ ይመደባል። በብዛት ሲከማች አብዛኛውን ጊዜ በፈሳሽነት የሚቀመጠው ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ቀዝቅዞ ነው። ንጹሑ ጋዝ ከአየር ይቀላል፤ ከታንከር በድንገት ሲያመልጥ ግን ቅዝቃዜው ከባድ ነጭ ደመና ያደርገውና መሬት ለመሬት ይሄዳል።

ለዚህ ደመና ውኃ ፍቱን ነው። አሞኒያ ውኃ ውስጥ እጅግ ይሟሟል፤ ብርጌዱ በደመናው መንገድ ላይ የውኃ መጋረጃ ዘርግቶ ጋዙን ከአየር ላይ ያጥበዋል። ሆኖም ያንኑ ውኃ መሬት ላይ በተንጣለለው ፈሳሽ አሞኒያ ላይ የረጨ ሰው ፈሳሹን አፍልቶ ደመናውን ያበዛዋል። ከአንዱ ቱቦ የሚወጣ አንድ ውኃ፣ ጥቂት ሜትር ፈቀቅ ብሎ ሲረጭ ከማዳን ወደ መግደል ይለወጣል። ጋዙን ያጠበው ውኃም ወደ ዋቢ ሸበሌ ከገባ ዓሣውን ይፈጃል፤ ወንዙ ደግሞ ድንበር ተሻግሮ የሚጠጣ ነው። ስለዚህ ውኃው የሚሰበሰብበት ገንዳ ከፋብሪካው ጋር አብሮ መነደፍ አለበት። ጅግጅጋ ከጎዴ በቀጥታ መስመር እንኳ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ከዚያ መኪና ይመጣል ብሎ መጠበቅ የማይታሰብ ነው። የጎዴው ብርጌድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ራሱን የቻለ መሆን ይኖርበታል፤ ሰዎቹም ግንባታው እየተካሄደ፣ ቱቦዎቹ ባዶ ሳሉ፣ የእያንዳንዱን ቫልቭ ቦታ በእግራቸው ሊማሩት ይገባል። የሠራተኛ ቅጥር ሲወጣ ከእናንተ መካከል ያሉ ብየዳና ቧንቧ የሚያውቁ ወጣቶች ይህን ሥራ ቢያስቡበት ደስ ይለኛል፤ ሶማሊኛና አማርኛ አንድ ላይ የሚናገር የብርጌድ አለቃ እዚያ ብርቅ ነው የሚሆነው።

አንድ ችግር ግን የአውሮፓም የአሜሪካም ደንብ መልስ ያላስቀመጠለት ነው። ቦፓል ውስጥ የፋብሪካው ጎረቤት በጎጆው ውስጥ የተኛ፣ ቤቱ የሚታወቅ ሰው ነበር። የጎዴ ጎረቤት ግን አርብቶ አደር ነው። ዛሬ አጥሩ ሥር የሰፈረው ቤተሰብ ከወር በኋላ ዝናቡን ተከትሎ ሌላ ቦታ ነው፤ በእርሱ ምትክ ፋብሪካውን አይቶ የማያውቅ ሌላ መጥቶ ይሰፍራል። ለማን ነው ሥልጠና የሚሰጠው? ሳይረን ቢጮህ ግመሎቹ ደንብረው በነፋሱ አቅጣጫ ሊሮጡ ይችላሉ፤ እረኛው ደግሞ ግመሉን ጥሎ አይሄድም። ሊነገረው የሚገባው ነገር አጭር ነው፤ ጀርባህን ለነፋሱ ሰጥተህ አትሩጥ፣ ነፋሱን በጎን አቋርጠህ ውጣ፣ እርጥብ ጨርቅ አፍና አፍንጫህ ላይ አድርግ። በሶማሊኛ፣ በሬዲዮና በስልክ መልእክት ሊደርሰው ይችላል። ማታ ማታ የት ሰፍሮ እንደሚያድር የሚያውቁት ግን የጎሳ ሽማግሌዎቹና የውኃ ጉድጓዱ ጠባቂዎች ናቸው። የፋብሪካው የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ሲረቀቅ ከኢንጅነሮቹ እኩል ወንበር ይዘው መቀመጥ ያለባቸው እነሱ ናቸው፤ በእኔ በኩል ስብሰባው ጎዴ ላይ ቢሆንና ግንባታው ብዙ ሳይራመድ ቢጠራ እመርጣለሁ።